2147483647 ምንድን ነው?

ኮምቦልቻ የግንባታ እቃ በጅምላ የሚሸጥ ጓደኛ አለኝ፣ አንድ ቀን ደወለና «የዓመቱ ሽያጬ ማይነስ 21 ሚሊዮን ነው የሚለኝ፣ ተዘረፍኩ እንዴ?» አለኝ። ከደሴ ሐረጎን ወርጄ ሄድኩለት። ማንም አልዘረፈውም፣ የሂሳብ ፕሮግራሟ (ማን እንደሰራት ይቅር) ብሩን ወደ ሳንቲም ለውጣ ነው የምትይዘው፣ እና ድምሩ 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ሲያልፍ ተገለበጠች።

ነጥቡን አንሱትና 2147483647 ይሆናል። 31 ሁለቶችን አባዝታችሁ 1 ስትቀንሱ የሚመጣው ቁጥር ነው። ኮምፒውተር ለአንድ ቁጥር ብዙ ጊዜ 32 ቦታ ይሰጣል፣ እያንዳንዱ ቦታ ወይ 0 ወይ 1 ይይዛል፣ አንዷ ለፕላስና ማይነስ ስለምትያዝ 31 ይቀራል። ሁሉም 1 ሲሆኑ ሞላ ማለት ነው። ከዛ 1 ስትደምሩበት 999 ላይ እንደሚሆነው ነው፣ ዜሮ ጽፌ አንድ በእጄ፣ ዜሮ ጽፌ አንድ በእጄ እየተባለ ይሄድና የመጨረሻዋ «በእጄ» የማይነሷ ቦታ ላይ ታርፋለች፣ በቃ -2147483648።

ቁጥሩ ግን ኮምፒውተር ሳይፈጠርም ስም ነበረው፣ ምክንያቱም ፕራይም ነው፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ማንም እኩል አያካፍለውም። እንደዚህ ሁለቶችን አባዝቶ 1 በመቀነስ የሚገኝ ፕራይም በፈረንሳዊው መነኩሴ በመርሰን ስም ይጠራል። የሁለቶቹ ብዛት ራሱ ፕራይም መሆን አለበት፣ ግን ያ ብቻ አይበቃም፣ 11 ሁለቶች አባዝታችሁ 1 ስትቀንሱ 2047 ይመጣል፣ እሱ ደግሞ 23 ሲባዛ 89 ነው። መርሰን በ1644 (በፈረንጅ) ስንት ሁለቶች ሲባዙ ፕራይም እንደሚሰጡ ዝርዝር አውጥቶ 31ን በትክክል አስገብቷል፣ 67 እና 257 ላይ ግን ተሳስቷል።

2147483647 ፕራይም መሆኑን ያረጋገጠው የሂሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፣ 1772 ላይ (ይሄም በፈረንጅ)፣ ዓይኑ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ። እስከ 46340 ድረስ (46341 በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን ስለሚያልፍ ከዛ በላይ መሞከር አያስፈልግም) አንድ በአንድ እየሞከሩ ማካፈል ማን ይችላል? እሱ ግን ይሄን ቁጥር ሊያካፍል የሚችል ፕራይም ካለ ራሱ ለ248 ሲካፈል የግድ 1 ወይ 63 መትረፍ አለበት አለ። እንግዲህ የሚሞከሩት 373 ቁጥሮች ብቻ ቀሩ፣ ከነሱም ፕራይም ያልሆኑት ይጣላሉ። እኔ ይሄንን ሳነብ ሻዬ ቀዝቅዞ ነው የጠጣሁት።

ይሄ ቁጥር የሚመጣበት ሌላው ቦታ የኮምፒውተር ሰዓት ነው። ብዙ ኮምፒውተር ጊዜን የሚቆጥረው ከታህሳስ 23 ቀን 1962 (በእኛ) ጀምሮ በሰከንድ ነው፣ በ32 ቦታ የሚቆጥሩት ጥር 11 ቀን 2030 ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ይሞላሉ። አዎ በጥምቀት፣ ህዝቡ ፀበል ሊረጭ ሲጋፋ! ያልተስተካከለ ማሽን በቀጣዩ ሰከንድ ታህሳስ 4 ቀን 1894 ነው ይላል፣ ራስ ሚካኤል ወሎን ሲገዙ ማለት ነው።

የጓደኛዬን ፕሮግራም ወደ 64 ቦታ ቀየርንለት፣ አሁን ጣሪያው 9223372036854775807 ሳንቲም ነው፣ ሲሚንቶ ሸጦ አይሞላውም። ይሄኛው እንኳን ፕራይም አይደለም፣ ለ7 ይካፈላል።