«ካርዱ ተቃጥሏል»፦ ስለ ሆቴል ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ብልሽት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቅዳሜ ማታ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ሰርግ አለ። የሆቴሉ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ቀጥ ይላል። ሰሃኑ ይከመራል፣ ሼፉ ይጮኻል፣ እኔ እጠራለሁ። ገና ካቻቢቴዬን ሳላወጣ ግን ከስቲዋርዱ (ከዕቃ አጣቢው) እስከ ማናጀሩ ሁሉም የየራሱን ምርመራ ጨርሶ ይጠብቀኛል። ከምሰማቸው ውስጥ የማይጠፉት እነዚህ ናቸው።

«ካርዱ ተቃጥሏል»

የመጀመሪያው ፍርድ ሁሌም ይሄ ነው። ካርድ የሚሉት ማሽኑን የሚያዘውን ኤሌክትሮኒክ ቦርድ ነው። ውድ ነው፣ ገበያ ላይም እንደልብ አይገኝም። አይቃጠልም አልልም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚቃጠል አለ። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው በሩን ነው። በሩ መዘጋቱን ለካርዱ የሚነግር ትንሽ ስዊች አለ። ብዙዎቹ ማሽኖች ላይ በማግኔት ነው የሚሠራው። እንፋሎትና ሳሙና ሲበላው ወይም ማግኔቱ ሲንሸራተት፣ ማሽኑ በሩ ክፍት ይመስለዋል። መብራቱ ይበራል፣ ማጠብ ግን እምቢ ይላል። አንድ ቤት ካርድ አዝዞ፣ ሳምንታት ጠብቆ፣ ከፍሎ አስቀየረ። ማሽኑ ንቅንቅ አላለም። ጥፋቱ የበሩ ማግኔት ነበር።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የውሃውን ከፍታ የሚያውቀው ፕሬዠር ስዊች ነው። ከገንዳው በቀጭን ቱቦ የሚመጣ አየር ነው የሚገፋው። ቱቦው በቅባት ሲደፈን ማሽኑ ውሃ መሙላቱን አያውቅም። ወይ መቅዳቱን አያቆምም፣ ወይ ማሞቂያውን አያበራም። ቱቦውን ነቅሎ ማጠብ ደግሞ ምንም አያስወጣም።

«ብሬከሩ አንሶት ነው፣ ትልቅ ግጠሙለት»

ይሄኛው ያናድደኛል። ብሬከር፣ ኮረንቲ ሲበዛ የሚወርደው ማብሪያ ማጥፊያ፣ የሚቀመጠው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው። 6 ኪሎዋት ማሞቂያ በአንድ ፌዝ (በአንድ የኮረንቲ መስመር)፣ በ220 ቮልት፣ 27 አምፔር ገደማ ይስባል። በሶስት ፌዝ ሲከፋፈል ግን ለእያንዳንዱ 9 አምፔር ብቻ ነው የሚደርሰው። ማሽኑ ዓመት ሙሉ በ16 አምፔር ብሬከር ሠርቶ ዛሬ ካወረደው፣ አንድ የተበላሸ ነገር አለ። ለ16 በተዘረጋ ገመድ ላይ 32 ብትገጥሙ፣ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ገመዱ ይግላል።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው ዘንግ ነው። ሽፋኑ ይሰነጠቅና ውሃ ይገባዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ማሽኑ በደህና ይነሳል፣ ማሞቅ ሲጀምር ብሬከሩ ይወርዳል። ዋናውን አጥፍታችሁ የሬዚስታንሱን ሽቦዎች ንቀሉና ጫፋቸውን ሸፍኑ። መልሳችሁ ስታበሩት ካልወረደ ተገኘ። በቴስተር (በኮረንቲ መለኪያ) ስትለኩት የ2 ኪሎዋት ሬዚስታንስ 24 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ግን ተጠንቀቁ፤ 24 እያሳየም ኮረንቲ ወደ ማሽኑ ብረት የሚያፈስ ሊሆን ይችላል። የተራ ቴስተር ባትሪ ያንን ለማየት አቅም የለውም። ለዚህ በ500 ቮልት የሚለካ ሜገር ያስፈልጋል።

«ቴስተሩ 220 አሳይቷል፣ መብራቱ ደህና ነው»

የተለካው ማሽኑ ቆሞ ነዋ! የላላ ብሎን ወይም የተበላ የኮንታክተር (ማሞቂያውን የሚያበራው ትልቅ ስዊች) ነጥብ ጭነት በሌለበት 220ውን አሳምሮ ያሳያል። የሚያንሰው ሬዚስታንሱ ሲበራ ነው። ስለዚህ ማሽኑ እያሞቀ ይለካ፤ የጠቆረ ተርሚናልም (የሽቦ ማሰሪያ) ይፈለግ።

«ውሃው አልሞቀም፣ ሬዚስታንሱ ይቀየር»

ማለቅለቂያው ውሃ ከ82 እስከ 85 ዲግሪ መድረስ አለበት። ሬዚስታንሱ ደህና ሆኖም ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ፣ 6 ኪሎዋቱ 4 ብቻ ይሆናል። አንድ ሦስተኛው ጉልበት ጠፋ ማለት ነው። ከሶስቱ ፌዝ አንዱ ሲጠፋም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱ ማሞቃቸውን ይቀጥላሉ፣ ግን በቀስታ። ውሃው እስኪሞቅ ማለቅለቅ የማይጀምሩ ማሽኖች ደግሞ አሉ። እነሱ በዚህ ጊዜ የተበላሹ ይመስላሉ እንጂ እየጠበቁ ነው።

«በጄኔሬተር ሲሆን አያጸዳም፣ ሳሙናው ነው»

ሳሙናው ምን አደረገ? ፓምፑ ባለሶስት ፌዝ ከሆነ፣ ጄኔሬተሩ ሲገባ የፌዞቹ ቅደም ተከተል ከተለዋወጠ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ውሃ ይገፋል፣ ግን ሰልሎ። ሁለት ፌዝ ማቀያየር ይበቃል። የሚቀያየረው ግን ጄኔሬተሩ ጋ ነው። ማሽኑ ላይ ካቀያየራችሁት፣ መብራት ሲመጣ ደግሞ በዋናው መስመር ወደ ኋላ ይዞርላችኋል።

«ትንሽ የሚነዝረን እጃችን እርጥብ ስለሆነ ነው»

አይደለም። ደህና ማሽን እርጥብ እጅንም አይነዝርም። አንድ ቦታ ኮረንቲ ወደ ብረቱ እያፈሰሰ ነው፤ አርዙም (የፈሰሰውን ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) ወይ የለም ወይ ተበጥሷል። የጎማ ጫማ ማድረግ መፍትሄ አይደለም። ማሽኑ ይጥፋ፣ ሰሃኑ በእጅ ይታጠብ።

«አጥፍቼዋለሁ፣ ክፈተው»

የፊቱ ቁልፍ የሚያጠፋው መቆጣጠሪያውን ነው። ባለሶስት ፌዝ ማሽን ውስጥ፣ ተርሚናሉ ላይ በፌዞቹ መካከል 380 ቮልት እንዳለ ተቀምጧል። ዋናው ብሬከር ይውረድ፣ ይቆለፍ፣ ከዚያም በቴስተር ይረጋገጥ። የፓምፑ ካፓሲተርም ካጠፋችሁት በኋላ ኮረንቲ ይዞ ይቆያል፣ በእጅ አትንኩት። እኔ የመቆለፊያውን ቁልፍ ኪሴ ከትቼ ነው የምገባው። አንዴ ግማሽ አካሌ ማሽኑ ውስጥ እያለ፣ አንድ አስተናጋጅ ብሬከሩ ጋ ቆሞ «ይሄን ማነው ያጠፋው?» ሲል ሰምቻለሁ።