ላሊበላ፦ ስለ ማዘጋጃ ቤትና ስለ መዝገብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ላሊበላ ወሬ ከፋይል ይቀድማል። የትኛው ቦታ ለማን እንደተሰጠ፣ የትኛው ሆቴል በማን ስም እንደቆመ፣ የትኬቱ ገንዘብ የት እንደሚገባ ለመስማት ቡና መጠጣት ይበቃል። እንዲህ በየቡናው ከሚነገሩት ውስጥ ደጋግመው የሚያሳስቱትን እንይ።

«የመግቢያው ዶላር የማዘጋጃ ቤቱ ነው»

አይደለም። ጎብኚ 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለማየት የሚከፍለውን ገንዘብ የምትሰበስበው ቤተ ክርስቲያን ናት። ክፍያው ለውጭ አገር ሰው ለዓመታት 50 ዶላር ነበር። ያንን በእንግዳው ቁጥር አባዝቶ «ታዲያ መንገዱ ለምን አልተሠራም?» ብሎ ከንቲባውን የሚያፋጥጥ ሰው ቁጣው ይገባኛል፤ ያንኳኳው ግን የሰው በር ነው። የከተማው አስተዳደር የሚተዳደረው ከንግድ ፈቃድና ከግብር፣ ከቦታ ኪራይና ከሊዝ፣ ከአገልግሎት ክፍያ እንዲሁም በበጀት ከሚመደብለት ገንዘብ ነው። የቱሪስቱ ብር ወደ ከተማው ካዝና የሚደርሰው ዞሮ ዞሮ፣ ሆቴሉና ሱቁ ሠርተው ግብር ሲከፍሉ ነው። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱን መጠየቅ የሚገባው ስለ ራሱ በጀት ነው፤ ያም ቢሆን ብዙ ጥያቄ ይወጣዋል።

በአንድ ኮረብታ ላይ መዝገብ ያዦቹ ሦስት መሆናቸውን ያላወቀ ሰው ደግሞ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይከርማል። መንፈሳዊ አገልግሎቱና የትኬቱ ሒሳብ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ የከተማው ቦታና ግንባታ የአስተዳደሩ ነው፤ የቅርሱ ጥበቃና ጥገና የሚመለከተው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ነው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በ2000 ዓ.ም. ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ የተተከሉት ትልልቅ መጠለያዎች ጉዳይ፣ ስለ ክብደታቸው ነዋሪው ከሚያነሳው ስጋት ጋር፣ የሚጠየቀው ባለሥልጣኑ ዘንድ ነው። ላሊበላ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች በመሆኗ ስለ ቅርሱ ይዞታ የቀረቡትን ሪፖርቶች ዩኔስኮ በድረ ገጹ ያወጣቸዋል። ማንንም ሳያስፈቅዱ ማንበብ ይቻላል፤ በአማርኛ አለመሆናቸው ግን ያሳዝናል።

«መዝገቡ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ለማየት ከበላይ ደብዳቤ ያስፈልጋል»

ይህን ባለጉዳዩም ጸሐፊዋም ያምኑታል። ሕጉ የሚለው ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት አለው ይላል። ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም። ማየት፣ ማስታወሻ መያዝ፣ የተረጋገጠ ቅጂ መውሰድ ይቻላል። ጥያቄውን የሚቀበለው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው፤ በ30 ቀናት ውስጥም ውሳኔ መስጠት አለበት። በ2013 ዓ.ም. የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ሲወጣ ይህም አብሮ ተሽሯል የሚሉ አሉ፤ የመረጃ ማግኘት መብቱን የሚመለከተው ክፍል ግን በዚያ አዋጅ አልተሻረም።

ገደብ የለውም ማለት አይደለም። የሌላ ሰው የግል መረጃ ይጠበቃል። የጎረቤቴን የጋብቻ ምዝገባ አሳዩኝ የሚል ሰው ቢከለከል ትክክል ነው፤ የከተማው በጀት ለምን እንደዋለ የሚጠይቅ ሰው ቢከለከል ግን በደል ነው።

«ካርታ ካለኝ መሬቱ የእኔ ነው»

ካርታው የሚያረጋግጠው ይዞታን ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የግል የሚሆነው በላዩ ያለው ቤት ነው። «ቦታ የሚገኘው በዘመድ ነው» ለሚለው፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የሚያውቀው ጨረታንና ምደባን ብቻ ነው፤ አሰጣጡም ግልጽነትን እንዲከተል ያዛል። በተግባር ዘመድ አይሠራም ብሎ የሚከራከር የዋህ ነው። ቢሆንም ለሆቴል የወጣን ቦታ ማን በስንት አሸነፈ የሚለው መልሱ ያለው በጨረታው ሰነድ ነው፤ ቡና ላይ ሲያሙት ከመዋል ሄዶ መጠየቅ ይሻላል።

«የክርስትና ካርድ አለኝ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

በዚህች የአብያተ ክርስቲያናት ከተማ ይህ ቢታመን አይገርምም። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት፣ ጋብቻና ሞት በ30 ቀናት ውስጥ በክብር መዝገብ ሹም ዘንድ መመዝገብ አለባቸው። በሥርዓተ ተክሊል የተጋቡም ከምዝገባው ነፃ አይደሉም። ይህ የሚታወሰው ብዙውን ጊዜ አንዱ ልጅ ውጭ አገር ሄዶ ለቤተሰቡ የቪዛ ጉዳይ ሲጀምርና የልደት ምስክር ወረቀት ሲጠየቅ ነው፤ ያኔ ጥድፊያው ሌላ ነው።

«ፋይሉ ጠፍቷል ከተባልኩ አለቀልኝ»

አላለቀም። ጥያቄውን በጽሑፍ አስገብቶ የገቢ ቁጥር መቀበል፣ መልሱንም፣ ጠፍቷል የሚል ቢሆን እንኳ፣ በፊርማና በማኅተም መጠየቅ ነው። ቅሬታው በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ይቀርባል። ከዚያ አልፎ የሚሄደው ለኢትዮጵያ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው፤ ተቋሙ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ስላለው አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ አያስፈልግም።