በተጣቀሱ ቪውፖርቶች ውስጥ የክላስ እይታን መቆጣጠር፦ በፋሲል ግቢ ንድፍ ምሳሌነት

ቬክተርዎርክስ እ.ኤ.አ. በ1985 ሚኒካድ በሚል ስም ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር የወጣ የንድፍ ፕሮግራም ነው። በእርሱ የሚሣል እያንዳንዱ ግድግዳ፣ መስመርና ጽሑፍ በአንድ ጊዜ በአንድ ሌየር ላይ ይቀመጣል፣ በአንድ ክላስም ይመደባል። ሌየሩ በአብዛኛው ነገሩ የሚገኝበትን ወለል ሲያመለክት፣ ክላሱ የነገሩን ዓይነት ይገልጻል። በሌላው የንድፍ ፕሮግራም በአውቶካድ የሠለጠነ ባለሙያ ሁለቱንም ሥራ በሌየር ብቻ ስለሚያከናውን፣ ይህን ልዩነት ሳይረዳ ወደ ቪውፖርት፣ ማለትም የንድፉን የተመረጠ ክፍል በተወሰነ መልክ ወደሚያሳይ መስኮት፣ ቢሻገር ብዙ ይደናገራል።

የልዩነቱን ጥቅም ከጎንደር የበለጠ የሚያሳይ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፋሲል ግቢ 900 ሜትር ርዝመት ባለው አጥር የተከበበ ሲሆን፣ ከአፄ ፋሲለደስ ጀምሮ እስከ እቴጌ ምንትዋብ ድረስ በተለያዩ ነገሥታት ዘመን የተሠሩ ሕንጻዎችን ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና ደግሞ በቀደመው የድንጋይና የኖራ ግንብ ላይ ታክሏል። ስለዚህ የአንድን ቤተ መንግሥት ፕላን የሚያነሣ ሰው ወለሎቹን በሌየር፣ የግንባታውን ዘመንና ቁስ ደግሞ በክላስ ቢለይ፣ ያንኑ ንድፍ አንድ ጊዜ ነባሩን ግንብ ብቻ፣ ሌላ ጊዜ ጥገናውን አጉልቶ ማውጣት ይችላል። የክላስ ስሞች በሰረዝ ሲከፋፈሉ እስከ አራት ደረጃ የሚደርስ ተዋረድ ይፈጥራሉ፤ «ግንብ-ጥገና-ሲሚንቶ» እና «ግንብ-ጥገና-ኖራ» ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ።

የግቢው ሕንጻዎች ብዙ በመሆናቸው እያንዳንዱን በራሱ ፋይል አዘጋጅቶ ሁሉንም በአንድ የግቢ ፋይል ውስጥ ማጣቀስ፣ ማለትም ሳይገለበጡ በማገናኘት እንዲታዩ ማድረግ፣ የተሻለ አሠራር ነው። የተጣቀሰው ፋይል በዲዛይን ሌየር (ንድፉ በሚሣልበት ሌየር) ላይ በሚቀመጥ ቪውፖርት በኩል ይታያል፤ ለኅትመት የሚዘጋጀው ወረቀት ደግሞ በሺት ሌየር (የኅትመት ገጹ በሚሰናዳበት ሌየር) ላይ ሌላ ቪውፖርት ይኖረዋል። በዚህ አደረጃጀት የአንድ ክላስ እይታ በተለያዩ ደረጃዎች ይወሰናል፤ ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ክላስ የሚታይ፣ የማይታይ ወይም በግራጫ የሚታይ ሊሆን ይችላል፤ በሰነዱ የተመረጠው ሁኔታ ግን ቪውፖርቱ ከያዘው የራሱ የክላስ እይታ ዝርዝር ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። በመካከል ያለው የዲዛይን ሌየር ቪውፖርት የሲሚንቶውን ጥገና ከደበቀ፣ በሺቱ ቪውፖርት ያንኑ ክላስ ማብራት ብቻውን አያወጣውም። ብዙ ባለሙያ ሺቱን ደጋግሞ እያስተካከለ የሚደክመው እገዳው ከበታች መሆኑን ሳያስተውል ነው።

ለዲዛይን ሌየር ቪውፖርት የተዘጋጀ አንድ ምርጫ አለ፤ ቪውፖርቱ የራሱን ዝርዝር ትቶ ያለበትን ሰነድ የክላስ እይታ እንዲከተል ያደርገዋል። ከአንድ ግቢ ብዙ ዓይነት ወረቀት ለሚያወጣ ቡድን ይህ ከሁሉ የተሻለ መንገድ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ውሳኔው ወደ ሺቱ ይመለሳል። አንድ ሕንጻ በማንኛውም ወረቀት ላይ ሁልጊዜ በአንድ መልክ እንዲታይ ከተፈለገ ግን የቪውፖርቱን የራሱን ዝርዝር መጠበቅ ይገባል። ከእይታ ባሻገር የመስመር ውፍረት፣ ቀለምና ሙሌት ዋናው ፋይል ሳይነካ በቪውፖርቱ ብቻ ሊለወጡ ይችላሉ፤ በነባሩ ግንብ ላይ ጥቁር ሙሌት፣ በጥገናው ላይ ቀላል ግራጫ መስጠት በዚህ መንገድ ይፈጸማል።

ተመሳሳይ ለውጥ በብዙ ቪውፖርቶች ላይ ሲፈለግ አንድ በአንድ መክፈት አያስፈልግም። ብዙ ቪውፖርቶችን በአንድ ላይ መርጦ ዝርዝራቸውን መለወጥ ይቻላል፤ በአደረጃጀት መስኮቱም ከክላሱ ተነሥቶ በየትኛው ቪውፖርት እንደሚታይ መወሰን ይቻላል። የተቀየሩ ቀለሞችንና መስመሮችን ከአንዱ ቪውፖርት ወደ ሌላው ለማሸጋገር ደግሞ የአይድሮፐር መሣሪያው ያገለግላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የክላስ ስሞች በሁሉም ፋይሎች አንድ ከሆኑ ነው። በአማርኛ ስም የሚሰጥ ቡድን እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ አንዱ «ሕንጻ»፣ ሌላው «ህንፃ» ብሎ ከጻፈ አንባቢ አንድ አድርጎ ቢያነበውም ፕሮግራሙ ሁለት የተለያዩ ክላሶች አድርጎ ይይዛቸዋል፣ አንዱን መደበቅም ሌላውን አይደብቅም። በመሆኑም የፊደላት አጻጻፍ ሥራው ሳይጀመር ተወስኖ፣ ክላሶቹን አስቀድሞ የያዘ አንድ የመነሻ ፋይል ለሁሉም መታደል አለበት። ሥራው ከተጀመረ በኋላ አዲስ ክላስ ሲጨመርም፣ ቀድሞ በተዘጋጁት ቪውፖርቶች ላይ በምን ሁኔታ እንደገባ መታየትና ማጣቀሻዎቹ መታደስ ይኖርባቸዋል፤ አለበለዚያ ለኅትመት የሚሄደው ወረቀት የቆየውን ንድፍ ይዞ ይወጣል።