«ማሽላ እያረረ ይስቃል»፦ ከገጸ ባሕሪው ሳቅ ሥር ያለው እሳት

ይህ ምሳሌ የተወለደው ምጣድ ዳር ነው። በአባይ በረሃ ዳር ያለ የጎጃም ቆለኛ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ማሽላው የጋለ ምጣድ ላይ ሲበተን መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ ፍሬው ውስጥ ያለው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ቆዳውን ይገፋዋል። ጧ! ይፈነዳል፤ ነጩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ ጥርሱን ያሳየ ሰው ይመስላል። ከሥሩ ግን እያረረ ነው። ሆዱ እየነደደ ፊቱ ለሚስቅ ሰው የሚባለውም ለዚህ ነው። «ጥርስ ባዳ ነው» የሚለው አባባል የዚሁ ዘመድ ነው።

ልብ ወለድ ስንጽፍ ብዙዎቻችን ሳቁን ይዘን እሳቱን እንረሳለን። ገጸ ባሕሪው ደግ ነው፣ ቁጡ ነው እንላለን፤ በሆዱ ምን እንደሚያምን አንጠይቅም። ይባስ ብሎ እምነቱን በገዛ አንደበቱ እናስለፈልፈዋለን። ሰውዬው ሰባኪ ሆኖ ቁጭ!

እስቲ ሞጣ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ እንፍጠር። ልጃቸው ከባሕር ዳር መጥቶ «አባባ፣ ደክመዋል። መሬቱን እናከራየውና እኔ ጋ ይግቡ» ይላቸዋል። እሳቸው ይስቃሉ። «ይሁን ልጄ፣ እንዳልክ» ብለው ጠላ ያስቀዱለታል። ልጅየው ሲተኛ ግን ቀስ ብለው ወደ ማሳቸው ይወርዳሉ። ዝናብ ያጋደማትን የድንበር ድንጋይ በጨረቃ ያቃናሉ። ሥሯን በአፈር ሞልተው በተረከዛቸው ይረግጣሉ።

ይህ ከየት መጣ? መቆፈር ያለብን እዚህ ጋ ነው። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ የጎጃም ርስት የሚጠየቀው ትውልድ ተቆጥሮ ነበር፤ በአባትም በእናትም ከቀደመው ባለርስት መወለዱን ያስረዳ ድርሻ ይገባኛል ይላል። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ የጎጃም ገበሬ ያመጸው ለብሩ ብቻ ብሎ አልነበረም። መሬቴ ከተለካ ርስቴ ሊሄድ ነው የሚል ፍርሃት ነበረበት። የእኛ ሽማግሌ ያኔ ልጅ ነበሩ እንበል። አባታቸው ጠመንጃ አንግተው ከቤት ሲወጡ አይተዋል።

አሁን እምነታቸውን ለራሳችሁ በአንድ መስመር ጻፉት፦ መሬቱን የለቀቀ አባቱን የካደ ነው። ከዚያ መስመሩን ከድርሰቱ አውጡት። አንባቢው ሳቁንና ድንጋይዋን ካየ ይበቃዋል።

እምነት ግን ካልተፈተነ ጌጥ ነው። ልጅየው ገንዘቡን የፈለገው ለሚስቱ ሕክምና ቢሆንስ? ሽማግሌው ምራታቸውን እንደ ልጃቸው ይወዳሉ። እዚህ ጋ ነገሩ ይከርራል፤ ማንም ክፉ ሰው ሳይኖርበት። በኪራይ ውሉ ላይ ይፈርማሉ? እኔ ብጽፈው አስፈርማቸዋለሁ። ብቻ ካስፈረማችኋቸው፣ በማግስቱ ሞፈርና ቀንበራቸውን የት እንደሚያደርጉት አስቡበት።