ቀላል ናንቻኩ ለልምምድ፦ ከደብረ ብርሃን ብርድ እስከ ሸዋ ሮቢት ሙቀት

ናንቻኩ በገመድ ወይም በሰንሰለት የተያያዙ ሁለት አጫጭር ዱላዎች ያሉት የማርሻል አርት መሣሪያ ነው። አገሩ ኦኪናዋ ነው። ዛሬ የጃፓን ግዛት ብትሆንም ድሮ የሪዩክዩ መንግሥት ነበረች። እዚያ ኮቡዶ በሚባለው የመሣሪያ ሥልጠና ውስጥ ከረጅሙ ዱላ ከቦ፣ ከባለ ሦስት ጥርሱ ብረት ከሳይና የጎን መያዣ ካለው ዱላ ከቶንፋ ጋር አብሮ ይሰጣል። ስለ አመጣጡ አንዱ ከእህል መውቂያ ነው ይላል፣ ሌላው ከፈረስ ልጓም። በዓለም ዙሪያ ያስተዋወቀው ግን ብሩስ ሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 በወጡት ፊልሞቹ። በእኛም ከተሞች በቪዲዮ ቤት ዘመን ያደገ ልጅ የመጥረጊያ እንጨት ለሁለት ቆርጦ፣ በሲባጎ አስሮ ሞክሯል።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ዱላ ማለት ወይራ ነው። ከባድ፣ ጠንካራ፣ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል። ስለዚህ ናንቻኩ የሚያሠራ ወጣትም መጀመሪያ የሚያስበው ወይራ ነው። ለጀማሪ ግን ከዚህ የባሰ ምርጫ የለም። ናንቻኩ የሚሽከረከር መሣሪያ ነው። ዞሮ ሲመለስ መቀበል አለ፣ ከእጅ ወደ እጅ ማሳለፍ አለ፣ በትከሻ ላይ አሳልፎ በብብት ሥር መያዝ አለ። ይህን ሁሉ ያልለመደ እጅ ይስታል። ሲስት ደግሞ ክርኑን፣ ጉልበቱን፣ አንዳንዴም ጭንቅላቱን ይመታል። ባይመታም የከባድ ዱላ ሽክርክሪት የእጅ አንጓንና የክርንን ጅማት ያደክማል።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ድፍን ዱላዎች ከወይራ ቢሠሩ በግምት 280 ግራም ይመዝናሉ። ከዋንዛ ቢሠሩ 140 ግራም አካባቢ ነው። ልኩ አንድ ሆኖ ክብደቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ዋንዛ ለመላግና ለመሞረድ ይመቻል፣ ቶርኖ ላይም አያስቸግርም። በደጋው ብዙም ስለማይገኝ ከወይና ደጋው ወይም ከአናጢ ቤት ቁራጭ መፈለግ ነው። ጥድም ቀለል ይላል፣ ግን በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ገመድ ማስገቢያው ቀዳዳ ላይ አይታመንም። ባሕር ዛፍ በደብረ ብርሃን ዙሪያ የሞላ ነው፤ እርጥቡ ተቆርጦ ከተሠራ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የደጋ ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ስለሆነ በጣም ይቀላል። ጫፉ እንዳይሰነጠቅ በክር ወይም በፕላስተር መጠቅለል አለበት። የቆላው ቀርከሃ ድፍን ስለሆነ ለዚህ አይሆንም።

ለመጀመሪያዎቹ ወራት ግን እኔ የምመርጠው ስፖንጅ የለበሰውን ነው። ውስጡ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ውጪው ስፖንጅ። ተሠርቶ የመጣ ካልተገኘ ከቀጭን የውሃ ቱቦ፣ ከስፖንጅና ከናይለን ገመድ ቤት ውስጥ ይሠራል። አንድ ጉድለት አለው፦ በጣም ሲቀል የራሱን ጉልበት ይዞ አይዞርም። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ፣ ጣርማ በር ላይ እንደሚነፍሰው ባለ ነፋስ፣ ሜዳ ላይ ሲሠሩበት መስመሩን ይስታል። እንቅስቃሴው እጅ ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ ዋንዛ ወይም ቀርከሃ መሻገር ይሻላል።

ርዝመቱ የሚለካው በራስ ክንድ ነው። ዱላው ከመዳፍ መሃል እስከ ክርን ከደረሰ ይበቃል፤ ለልጅ በዚያው ልክ ያጥራል። የገመዱን ልክ ለማወቅ መዳፍን ዘርግቶ ናንቻኩውን ላዩ ላይ ማንጠልጠል ነው። ገመዱ የመዳፉን ወርድ ሸፍኖ ሁለቱ ዱላዎች ግራና ቀኝ ቀጥ ብለው ከወረዱ ልኩ ያ ነው። ከዚያ ከረዘመ ዱላው ለመመለስ ይዘገያል፣ ካጠረም እጅ ላይ አይዞርም።

በገመድና በሰንሰለት መካከል፣ ለጀማሪ ገመድ። ገመድ ድምፅ አያበዛም፣ ጣት አይቆነጥጥም፣ ሲያልቅም በትንሽ ብር ይቀየራል። ሰንሰለት በኩሽኔታ ሲታሰር ያለ ገደብ ይሽከረከራል፤ ፈጣን ትርኢት ለሚሠሩ ይመቻል። ግን ክብደት ይጨምራል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። የትኛውም ይሁን፣ መጋጠሚያው ከዱላው ይበልጥ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ቀዳዳው በትራፓኖ ሲበሳ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ካልለሰለሰ ገመዱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ከዚያ አንድ ቀን በልምምድ መሃል ይበጠስና ዱላው ከጎን የቆመው ልጅ ፊት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ገመዱን ጎትቶ ማየት ግዴታ ነው።

ቀላል ማለት አይጎዳም ማለት እንዳልሆነም ይታወቅ። የምት ጉልበት በክብደት ልክ ያድጋል፣ በፍጥነት ግን በካሬ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው። ቀላል ዱላ ደግሞ ቶሎ ይፈጥናል። በሰልጣኞች መካከል በቂ ርቀት ይኑር፣ ልጆች ያለ አሰልጣኝ አይሞክሩት።

የአየሩም ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ጣት ይደነዝዛል፣ ጠንካራ ፕላስቲክም ይበልጥ ተሰባሪ ይሆናል። እጅን ሳያሟሙቁ መጀመር የለም። ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ችግሩ ላብ ነው፤ ቫርኒሽ የተቀባ ዱላ ከእጅ ያመልጣል። እዚያ ቫርኒሹን ፍቆ እንጨቱን በተልባ ዘይት ማሸት፣ ወይም መያዣውን በጨርቅ ፕላስተር መጠቅለል ያዋጣል።

በመንገድ ላይ ግን ቦርሳ ውስጥ ይሁን፤ በእጅ እያንጠለጠሉ መሄድ ሰው ያስደነግጣል። በብዙ አገር ሕግም አለበት። ካናዳ እንደ ክልክል መሣሪያ ትቆጥረዋለች። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1974 ከልክላው፣ ፍርድ ቤት እገዳውን ያነሳው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው።