ፖርት ዳግላስ፦ ደኑና ሪፉ የሚገናኙባት ከተማ

ፖርት ዳግላስ በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ ግዛት የምትገኝ ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከኬርንስ ተነስቶ ባሕሩን ታክኮ በሚሄደው መንገድ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ትርቃለች። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ነዋሪዎቿ 3,650 ገደማ ነበሩ። ዋና ጎዳናዋን ማክሮሳን ስትሪትን በእግር ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ይህችን የምታህል ከተማ ዓለም ያወቃት በጎረቤቶቿ ነው። ፊት ለፊቷ ግሬት ባሪየር ሪፍ የተባለው፣ ኮራል የሠራው ግዙፍ የባሕር ውስጥ ክምር አለ፤ በ1981 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በስተሰሜኗ የዴንትሪ ደን አለ፤ እሱም ከሌሎች የአካባቢው ደኖች ጋር በ1988 ተመዘገበ። ኬፕ ትሪቢውሌሽን ላይ ሁለቱ ቅርሶች ጎን ለጎን ይገናኛሉ። ዛፉ እስከ አሸዋው ጠርዝ ይወርዳል፣ ኮራሉ ደግሞ ከዳርቻው ጥቂት እልፍ ብሎ ይጀምራል።

መሬቱ የአካባቢው ነባር የሆነው የኩኩ ያላንጂ ሕዝብ ነው። ነጮቹን ያመጣቸው ወርቅ ነው። በ1876 በሆጅኪንሰን ወንዝ ወርቅ ሲገኝ ወደብ አስፈለገ፤ በ1877 ከተማዋ ተቆረቆረች። ስሟን ያገኘችው በወቅቱ የኩዊንስላንድ ፕሪሚየር (የመንግሥቱ መሪ) ከነበረው ከጆን ዳግላስ ነው። በዚያው ዓመት ክሪስቲ ፓልመርስተን የተባለ ሰው ከባሕሩ ወደ ደጋው የሚያወጣ መንገድ በጫካው ውስጥ ከፈተ። በምፕ ትራክ ይባላል፤ ዛሬም ሰው በእግሩ ይወጣዋል። ወርቁ ሳለ ሆቴሉም መጠጥ ቤቱም ሞልቶ ነበር። በ1880ዎቹ አጋማሽ ግን የባቡሩ መነሻ ኬርንስ እንዲሆን ተወሰነና ንግዱም ሰዉም ወደዚያ ነጎደ። በ1911 የመጣው ሳይክሎን (ከባድ አውሎ ነፋስ) ደግሞ ከተማዋን ከጥቂት ሕንፃዎች በቀር ጠርጎ ወሰዳት።

ከዚያ በኋላ ያኖራት ሸንኮራ አገዳ ነው። በአቅራቢያዋ ባለችው በሞስማን ከተማ በ1897 ሥራ የጀመረ ስኳር ፋብሪካ ነበር፤ አሁን ተዘግቷል። ስኳሩ እስከ 1958 ድረስ የሚጫነው ከፖርት ዳግላስ ወደብ ነበር። ጭነቱ ወደ ኬርንስ ሲዞር ወደቡ ጭር አለ፤ ከተማዋም የዓሣ አጥማጆች መንደር ሆና ቀረች። በ1980ዎቹ መጨረሻ ክሪስቶፈር ስኬስ የተባለ ባለሀብት ሸራተን ሚራዥ የተባለውን ቅንጡ ሆቴል አሠራና ቱሪስቱ ጎረፈ። ሰውየው ራሱ ግን ከሰረ። ዕዳውን ጥሎ ስፔን ማዮርካ ደሴት ገባ፤ በ2001 እዚያው ሞተ።

ብዙዎች ከተማዋን ያስነሳት ሆቴሉ ነው ይላሉ። እኔ ግን ቅድሚያውን ለደኑ እሰጣለሁ። ደኑ ባይተርፍ ኖሮ እንግዳው ምን ሊያይ ይመጣ ነበር? ያውም በነጻ አልተረፈም። በ1983 መጨረሻ ከኬፕ ትሪቢውሌሽን ወደ ብሉምፊልድ የሚወስድ መንገድ ለማውጣት ቡልዶዘር ሲገባ ሰዎች ሊያስቆሙት ዛፍ ላይ ወጡ። መሬት ቆፍረው ራሳቸውን እስከ አንገታቸው የቀበሩም ነበሩ። መንገዱ በ1984 ተሠራ፤ እዚያ ላይ ተሸነፉ። የጫካው ጉዳይ ግን አገር አቀፍ መነጋገሪያ ሆነ። የኩዊንስላንድ መንግሥት አጥብቆ ቢቃወምም፣ ፌዴራል መንግሥቱ ደኑን በዓለም ቅርስነት አስመዘገበው። በዚህም ለጣውላ የሚደረገው ቆረጣ ቆመ።

የደኑ ዕድሜ ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ እንደሆነ ይገመታል። በ1971 ከዴንትሪ ወንዝ ማዶ የአንድ አርቢ ከብቶች በድንገት ሞቱ። ሆዳቸው ሲከፈት የማይታወቅ ትልቅ የዛፍ ፍሬ ተገኘ። ፍሬው ከመርዛማነቱ ሌላ አሠራሩም የተለየ ነበር። የአበባ ተክል ዘር እንደ ወትሮው አንድ ወይም ሁለት ክክ ነው የሚኖረው፤ ይሄ ግን ሦስትና አራት ነበረው። ሳይንቲስቶች ሲያጣሩ ኢዲዮስፐርመም የተባለው ዛፍ ሆነ። ጀርመናዊው የእጽዋት ተመራማሪ ዲልስ በ1912 ገልጾት ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ ጠፍቶ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ የአበባ ተክሎች ወገን ነው።

ሌላው የጫካው ባለቤት ካሶዋሪ ነው። መብረር የማይችል፣ ሰው የሚያህል ቁመት ያለው፣ አንገቱ ሰማያዊ የሆነ ወፍ ነው። የወደቀ ፍሬ እንዳለ ይውጥና ዘሩን ሌላ ቦታ ከኩሱ ጋር ይጥለዋል። አንዳንዱ ዘር ከሱ በቀር የሚያደርስለት የለም። እንቁላሉን የሚታቀፈውም ጫጩቶቹን የሚያሳድገውም አባትየው ነው። እናትየው ጥላ ትሄዳለች። በመንገዱ ዳር ሁሉ “ቀስ ብለህ ንዳ” የሚል የካሶዋሪ ምልክት የተተከለው መኪና ስለሚገጫቸው ነው።

ወደ ባሕሩ ስንመጣ፣ ከወደቡ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሎው አይልስ የተባሉ ሁለት ትናንሽ ደሴቶች አሉ። አንደኛው ላይ ከ1878 ጀምሮ የቆመ የመርከብ ማሳያ መብራት አለ። በ1928 እና 1929 በሞሪስ ዮንግ የሚመራ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ቡድን እዚህ ከርሞ ኮራልን አጥንቷል። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። በሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠሩለታል፤ አብዛኛው ቀለሙም የነሱ ነው። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌዎቹን ያስወጣቸዋል። ያኔ ይነጣል፤ ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደለት በረሃብ ይሞታል። የዮንግ ቡድን ይህንን መንጣት በዚያ ዘመን አይቶ መዝግቦታል። ያኔ የተወሰነ ቦታ ላይ የታየ ነገር ነበር። አሁን በ2016፣ 2017፣ 2020፣ 2022 እና 2024 ሪፉ በሰፊው ነጥቷል። በአንዱ መንጣትና በሚቀጥለው መካከል ለማገገም በቂ ጊዜ የለም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ቡልዶዘርን በሰው አጥር ማስቆም ይቻል ይሆናል፤ የሞቀ ባሕርን ግን የአንድ ከተማ ሕዝብ ብቻውን አያስቆመውም።

አየሩም እየከፋ ነው። በ2023 ታኅሣሥ ወር ጃስፐር የተባለው ሳይክሎን ከነፋሱ ይልቅ በዝናቡ ጎዳ። በጥቂት ቀናት ውስጥ አንዳንድ ቦታ ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ። ዴንትሪ ወንዝ ሞልቶ ፈሰሰ፣ መንገዱ በናዳ ተቆረጠ፣ የዉጃል ዉጃል ነዋሪዎችም ከመንደራቸው እንዲወጡ ተደረገ።

ለመሄድ የሚያስብ ሰው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ደረቅ ወቅት ቢመርጥ ይሻለዋል። ከኅዳር እስከ ግንቦት ባሕሩ ውስጥ መርዛማ ጄሊፊሽ አለ። ቦክስ ጄሊፊሽ የሚባለው ሰው ይገድላል፤ ኢሩካንጂ ደግሞ ጥፍር የማታህል ሆና ሆስፒታል ታስገባለች። ስለዚህ ፎር ማይል ቢች ላይ የሚዋኘው መረብ በተከለለው ቦታ ነው። ዳርቻው ላይ የአቼቶ ጠርሙስ ተቀምጧል፤ የተነደፈ ሰው ቁስሉ ላይ ይፈስለታል፣ ያልፈነዱት የመርዝ ህዋሳት እንዳይፈነዱ ያግዳል። ወንዞቹና በጨው ውኃ ዳር የሚበቅለው የማንግሮቭ ጫካ ውስጥ ደግሞ ትልልቅ አዞዎች አሉ። ማስጠንቀቂያ ባለበት ውኃ ዳር መቆም አያስፈልግም።

በመስከረም 2021 የዴንትሪ ብሔራዊ ፓርክ ከሌሎች ሦስት ፓርኮች ጋር ለምሥራቅ ኩኩ ያላንጂ ሕዝብ ተመልሷል። በአጠቃላይ ከ160,000 ሄክታር በላይ ነው፤ አሁን ከግዛቱ መንግሥት ጋር አብረው ያስተዳድሩታል። ደኑን ለማየት ቀላሉ መንገድ ሞስማን ጎርጅ ነው። የግል መኪናን መግቢያው ላይ አቁሞ በአውቶቡስ ይገባል። የሚቻል ከሆነ ከኩኩ ያላንጂ አስጎብኚ ጋር መግባት ነው። የትኛው ቅጠል መድኃኒት እንደሆነ፣ የትኛው ፍሬ መርዙ ወጥቶለት እንደሚበላ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።