እርጥብ በእርጥብ ምንድን ነው? በውሃ ቀለም ጀርባን ማደብዘዝ

«ጋሼ፣ ይሄ ፖርትሬት ሞድ ነው እንዴ?» አለችኝ የጎረቤቴ ልጅ፣ ባለፈው መስከረም የሣልኩትን አደይ አበባ አይታ። አበባው ከፊት ቢጫውን ዘርግቶ ቆሟል። ከኋላው ያለው የፋሲል ግንብ ግን ግንብ መሆኑ የሚታወቀው በማዕዘኑ ክብ ጉልላት ብቻ ነው፤ የቀረው አረንጓዴና ግራጫ ተቀላቅሎ፣ ዳር ድንበሩ ጠፍቶ፣ ጉም የዋጠው ነገር መስሏል። ስልክ ላይ ይህን ካሜራው ይሠራልናል። በውሃ ቀለም ሥዕል የሚሠራው ውሃው ነው። ዘዴውም ስም አለው፦ እርጥብ በእርጥብ። ሠዓሊዎች «ዌት ኦን ዌት» ሲሉትም ትሰማላችሁ፤ ያው ነው።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ወረቀቱን መጀመሪያ በንጹህ ውሃ ታረጥቡታላችሁ። ሳይደርቅ ቀለም ትነኩበታላችሁ። ቀለሙ ብሩሹ ባሳረፈው ቦታ አይቆምም፤ በውሃው ውስጥ ይሄዳል፣ ይሳሳል፣ ከጎኑ ካለው ቀለም ጋር ይገናኛል፣ የት ተጀምሮ የት እንዳለቀ ሳይታወቅ ይደርቃል። ሰኔ ላይ ዝናብ መንገድ ላይ ያገኘው ተማሪ ይህን ያውቀዋል፤ ደብተሩ ይርሳል፣ በቀለም ብዕር የጻፈው ርዕስ ሰማያዊ ደመና ይሆናል። ደብተር ላይ ሲሆን ጥፋት ነው። ሥዕል ላይ ግን አስባችሁበት ስታደርጉት ከዚህ የሚያምር ነገር አላውቅም።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ቀለሙ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል። የውሃ ቀለም በዋናነት ሁለት ነገር ነው፦ በጣም የደቀቀ የቀለም ዱቄትና ሙጫ። ሙጫው የግራር ሙጫ ነው፤ ዓለም ከሚጠቀምበት አብዛኛው የሚመጣው ከሱዳን ነው፣ ከመተማ ማዶ ማለት ነው። ይህን ያወቅኩ ቀን ቀለሙ ራሱ የሩቅ አገር ዕቃ መሆኑ ቀረብኝ። ሙጫው ውሃ ሲያገኝ ይሟሟል፣ ዱቄቱ ነጻ ወጥቶ ውሃው ወደሄደበት ይሄዳል። ደረቅ ወረቀት ላይ ስትቀቡ ውሃው ብሩሹ ባለፈበት ብቻ ይታጠራል። ዳር ዳሩ ቶሎ ስለሚተን የመሃሉ ውሃ ወደ ዳር ይፈሳል፣ ዱቄቱንም ይዞ። ጠረጴዛ ላይ ጠብ ያለች ቡና ስትደርቅ እዩአት፤ መሃሏ ይሳሳል፣ ዙሪያዋ ይጠቁራል። ደረቅ ወረቀት ላይ የተቀባ ቀለም ጠርዙ የሚሰላው በዚህ ነው። ወረቀቱ አስቀድሞ ከራሰ ግን የሚያጥረው ስለሌለ ጠርዝም አይኖርም።

ብዙ ሰው ልስላሴው ከብሩሹ ወይም ከእጅ የሚመጣ ይመስለዋል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ አስብ ነበር። ጥሩ ብሩሽ ገዛሁ፣ የቀባሁትን ደጋግሜ በብሩሽ አሸሁ፣ ጀርባው ግን እየደፈረሰ ሄደ እንጂ አልለሰለሰም። የሚመጣው ወረቀቱ ላይ ያለውን ውሃ ከማንበብ ነው። ዘዴው ሁሉ እዚህ ላይ ስላለ ትንሽ ልቆይበት።

ወረቀቱን ካረጠባችሁ በኋላ አንገታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ከጎን፣ ወደ ብርሃኑ እዩት። መጀመሪያ እንደ መስታወት ያበራል፤ መስኮታችሁ ራሱ ይታይበታል። በዚህ ሰዓት የነካችሁት ቀለም መቆሚያ የለውም፣ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ሊሄድ ይችላል። ለሰማይ ጥሩ ነው፤ ቅርጽ ግን አትጠብቁ። ትንሽ ቆይቶ ኩሬው ወደ ወረቀቱ ይሰርግና ወዝ ብቻ ይቀራል፣ ቅባት የተቀባ ፊት ላይ እንዳለው ዓይነት። እኔ የምጠብቀው ይህን ነው። በዚህ ሰዓት የነካችሁት ዛፍ ዛፍነቱ ሳይጠፋ ዳሩ ይለሰልሳል። ያ ግንብ የተሣለውም ወዙ ሳይጠፋ ነው፣ በሦስት ወይም በአራት ንክኪ፣ ከዚያ በኋላ ሳልመለስበት። ወዙ ሲጠፋ ወረቀቱ የደረቀ ይመስላል፤ አልደረቀም ግን። የእጃችሁን ጀርባ ቀስ ብላችሁ ብታስነኩት ይቀዘቅዛችኋል። ይህ ክፉው ሰዓት ነው። እጃችሁን ሰብስቡ።

እናቶቻችን ምጣዱ መሞቁን በመሣሪያ አይለኩም፤ ያዩታል፣ እጃቸውን ከላይ ያንዣብቡበታል፣ ያውቁታል። ሊጡን ቀድመው ካፈሰሱት እንጀራው ዓይን አያወጣም። የወረቀት ወዝም እንደዚያ ነው፤ በደቂቃ ልነግራችሁ አልችልም፣ በዓይን ግን ትለምዱታላችሁ።

ክፉው ሰዓት ያልኩት ለምንድን ነው? ወረቀቱ እየደረቀ ሳለ ውሃ የጠገበ ብሩሽ ካስነካችሁት አዲሱ ውሃ ቦታ ፍለጋ ይገፋል። ሊሰፍር የነበረውን የቀለም ዱቄት ገፍቶ ዳር ላይ ይከምረዋል። የሚወጣው ቅርጽ ጠርዙ የተሸነሸነ፣ አበባ ጎመን የሚመስል ነጠብጣብ ነው። አንዴ ከደረቀ ማስለቀቁ ከባድ ነው። ስለዚህ እኔ የምይዘው ሕግ አንድ ነው፦ ብሩሹ ሁልጊዜ ከወረቀቱ ያነሰ ውሃ ይያዝ። ወረቀቱ ሲያበራ ቀለሙ ቀጠን ቢል ችግር የለውም። ወዝ ላይ ሲደርስ ቀለሙም ወፈር ይበል፣ እንደ ወተት የነበረው እንደ ክሬም። ብሩሹን ካጠባችሁ በኋላ ጨርቅ ወይም ሶፍት ላይ ጠረግ ማድረግ የምትረሱት ነገር መሆን የለበትም። በእኔ ግምት ከተበላሹት ጀርባዎች አብዛኞቹ የሚበላሹት ያች ጠረግ ስለተዘለለች ነው።

አሁን ወደ ጎንደር። የምንኖረው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በጋ ላይ አየሩ ደረቅ፣ ፀሐዩ ጠንካራ ነው። በኢንተርኔት የምታዩት ሠዓሊ አገሩ እርጥበታም ከሆነ ወረቀቱ ተደላድሎ ይቆይለታል፤ እሱ «አሁን ጠብቁ» ሲል የእናንተ ወረቀት ደርቋል። አንድ ጥር ላይ የጥምቀት ሰሞን ከፋሲል መዋኛ አጥር ውጭ ተቀምጬ በአጥሩ ግንብ ላይ የተጠመጠሙትን የትልልቆቹን ዛፎች ሥር ለመሣል ሞክሬ ነበር። ረፋድ ነው። ወረቀቱን ከላይ አርጥቤ ወደ ታች ሳልደርስ ላዩ ደረቀ። ያን ቀን የሣልኩት ሁሉ ጠርዙ እንደ ቢላ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ነሐሴ ላይ ቤት ውስጥ ያረጠብኩት ወረቀት ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው እስኪወርድ ወዙን ይዞ ይጠብቀኛል። ለዚህ ሥራ ክረምትን የምወደው በዚህ ነው።

በበጋ የሚረዳው ወረቀቱን በሁለቱም ወገን ማርጠብ ነው። ከኋላም ከፊትም በደንብ ውሃ ጠጥቶ ለስላሳ ፕላስቲክ ወይም መስታወት ላይ ሲተኛ ይጣበቃል፣ ከሥር ውሃ እየሰጠ ላዩን ያቆየዋል። አንዴ አርጥባችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ እንደገና አርጥቡ፤ የመጀመሪያው ውሃ ለወረቀቱ ነው፣ ሁለተኛው ለእናንተ። ከተቻለ ደግሞ በማለዳ፣ ከነፋስ ራቅ ብላችሁ ሥሩ።

ወረቀት ላይ ግን አትቆጥቡ። ቀለሙ ርካሽ ቢሆን ይቻላል፣ ብሩሹም የልጆች ቢሆን ይቻላል። ፎቶ ኮፒ የምናደርግበት ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም አካባቢ ነው፤ ውሃ ሲነካው ይሸበሸባል፣ ቀለሙ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ለዚህ ሥራ 300 ግራም የሚለው ይሁን፣ ከተገኘም ከጥጥ የተሠራ። ጥሩ ወረቀት ውሃውን ቶሎ እንዳይጠጣ ጄላቲን ወይም ሌላ መከላከያ ይገባበታል፤ ቀለሙ ላዩ ላይ የሚንሸራሸርበት ጊዜ የሚያገኘው በእሱ ነው። አንዴ አንድ ሱቅ ወፍራም የእርሳስ ሥዕል ወረቀት የውሃ ቀለም ወረቀት ነው ብሎ ሸጦልኝ፣ ቀለሙን እንደ ሶፍት ጠጣው፤ ሳምንት ሙሉ ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ነበር። አንድ ትልቅ ጥሩ ወረቀት ገዝታችሁ ስምንት ቦታ ቁረጡት። ከአንድ ጥቅል ርካሽ ወረቀት ይሻላል።

ወደ አደይ አበባው ልመለስ። በውሃ ቀለም ብርሃን የሚመጣው ከወረቀቱ ንጣት ነው። ቢጫ ደግሞ ደካማ ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ ላይ ብትቀቡት አይታይም። ስለዚህ አበባው ቦታው ከመጀመሪያው መጠበቅ አለበት። እኔ የማደርገው የአበባውን ቅርጽ በእርሳስ ነድፌ ከእሱ ውጭ ያለውን ብቻ ማርጠብ ነው። ቀለም ደረቅ ወረቀት ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ውሃ የሌለበት አይሄድም። ጀርባው ይደበዝዛል፣ የአበባው ጠርዝ ግን ጥርት ብሎ ይቀራል። ለጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች፣ ለምሳሌ ጠል ወይም በቅጠል መሃል ለምትሾልክ ብርሃን፣ ጧፍ እጠቀማለሁ። ጧፉን ወረቀቱ ላይ ጫን አድርጋችሁ አስኪዱት፤ ሰም ውሃ ስለማያስነካ ቦታው ነጭ ይቀራል። ሰሙ ግን በቀላሉ ስለማይለቅ በኋላ ቀለም የምትፈልጉበት ቦታ ላይ አታድርጉት።

ስለ ቀለሞቹ ብዙ አልልም። ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት። በእርጥብ ወረቀት ላይ ሁሉም ከሁሉም ስለሚገናኝ ቢጫና ወይን ጠጅ፣ ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን ካስቀመጣችሁ ጭቃ ይወጣል። ሰማያዊና ቢጫ ቢገናኙ ግን አረንጓዴ ነው፣ ማንም አይከፋም። ደግሞም ሲደርቅ ይፈዝዛል፤ እርጥብ እያለ «ትንሽ በዛ» ያላችሁት ሲደርቅ ልክ ይሆናል።

ጀርባውን ማደብዘዝ ለምን አስፈለገ? ዓይናችን በጠርዝ ይሳባል። ጠርዝ ያለው አበባው ላይ ብቻ ከሆነ ዓይን እዚያ ያርፋል። በሩቅ ያለ ነገር ደግሞ በእውነትም እንደዚያ ነው የሚታየው፤ በመሃል ያለው አየር የሰማያዊውን ብርሃን ስለሚበትን የራቀው ተራራ ይሰማያዋል፣ ይፈዛል። ነሐሴ ላይ በማለዳ ጎሃ ኮረብታ ላይ ቁሙ፤ ከተማው ከታች በጉም ተሸፍኖ፣ ተራራው ከተራራው ጀርባ እየሳሳ ሲሄድ፣ እርጥብ በእርጥብን ያለ ብሩሽ ታያላችሁ።

የጎንደር ሠዓሊዎችም ቀለምን ከቀለም ማሸጋገር ያውቁ ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የተስፋፋውንና ሁለተኛው የጎንደር አሳሳል የሚባለውን፣ ለምሳሌ ጣና ላይ ናርጋ ሥላሴ ያለውን ተመልከቱ። ከቅዱሳኑ ጀርባ ያለው ቀለም ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይሸጋገራል፤ ቢጫው ወደ አረንጓዴ ሲገባ መስመር አታገኙም። ከእሱ በፊት በነበረው አሳሳል ጀርባው ብዙውን ጊዜ ወጥ ነው። ዕቃቸው ሌላ ነው፣ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ የሚሠራ ነው፣ እርጥብ በእርጥብ አልነበረም። ግን ጀርባው ሲለሰልስ ፊት ለፊት ያለው ፊት እንዴት እንደሚጎላ ገብቷቸዋል። እነዚያን ሥዕሎች ቆሜ ሳይ ከማንኛውም ቪዲዮ የበለጠ እማራለሁ።

ለመጀመር አበባም ግንብም አትሣሉ። መዳፍ የሚያክል ወረቀት አርጥቡ፣ አንድ ሰማያዊ ያዙ። መስታወት ሲሆን አንዴ ንኩት፣ ወዝ ሲሆን አንዴ፣ ወዙ ሊጠፋ ሲል አንዴ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃ በጠገበ ብሩሽ አንዴ። አራተኛው አበባ ጎመን ያወጣል፣ ተዉት ይውጣ። ከየንክኪው አጠገብ ስንት ደቂቃ እንደሆነ በእርሳስ ጻፉና የምትሠሩበት ቦታ ላይ ለጥፉት። ጥር ላይ አንድ፣ ነሐሴ ላይ ሌላ ሥሩ፤ ቁጥሮቹ አይገጥሙም፣ ሁለቱም ያስፈልጓችኋል። የጎረቤቴ ልጅ የራሷን ሠርታ በሩ ላይ ለጥፋለች፤ አሁን ወረቀት ከማርጠቧ በፊት ሄዳ ታየዋለች።